ስሙ ተለውጦ የቀረበው መስፍን

ልብ ወለድ ታሪክ የደራሲው ንብረት ነው ሲባል ብዙ ወጣቶች ይገረማሉ። መሬት ቢሆን ድንበር አለው፤ በሬም ቢሆን ምስክር ይቆምለታል፤ ከሰው አእምሮ የወጣ ሐሳብ ግን እንዴት ይሰረቃል? ይላሉ። ጥያቄው መልካም ነው። ስለዚህ በአውሮፓ የሆነውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ብራም ስቶከር የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ በ1897 «ድራኩላ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ታሪኩም ሞቶ ሳለ የማያርፍ፣ የሰው ደም እየመጠጠ የሚኖር፣ ከትራንሲልቫኒያ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ለንደን የተሻገረ የአንድ መስፍን ታሪክ ነው። ደራሲው በ1912 ሲሞት የመጽሐፉ መብት ለባለቤቱ ለወይዘሮ ፍሎረንስ ተላለፈ። ወይዘሮዋም ባለጸጋ አልነበረችም።

ከዚህ በኋላ በ1921 ፕራና የተባለ የፊልም ኩባንያ በጀርመን አገር ተቋቋመ። ሰዎቹ መጽሐፉን ወደዱት፤ ዳሩ ግን ባለመብቷን አላስፈቀዱም፤ አልከፈሏትምም። ሄንሪክ ጋሌን ጽሑፉን አሰናዳ፤ ሙርናው የተባለው ስመ ጥር አዘጋጅ ሥራውን መራ። መስፍን ድራኩላ የነበረውን መስፍን ኦርሎክ አሉት። በለንደን ፈንታ ቪስቦርግ የምትባል የጀርመን ከተማ ተፈጠረች። የሕግ ሰው የነበረው ሃርከር ሁተር ተባለ፤ ሚስቱ ሚናም ኤለን ተባለች። ፊልሙ «ኖስፌራቱ» ተብሎ መጋቢት 4 ቀን 1922 በበርሊን ለሕዝብ ታየ። የሚያስቀው ነገር፣ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ከብራም ስቶከር መጽሐፍ የተወሰደ መሆኑን ራሳቸው መጻፋቸው ነው። ስም ለውጦ የሚደበቅ ሰው ደጃፉ ላይ እውነተኛ ስሙን ይለጥፋልን?

ወይዘሮ ፍሎረንስ ነገሩን ያወቀችው ከበርሊን ከተላከላት ወረቀት ነው። ወዲያው የእንግሊዝ ደራስያን ማኅበር አባል ሆና በማኅበሩ ርዳታ ክስ አቀረበች። ሕጉ ከእርሷ ጋር ነበረ፤ አገሮች በበርን ከተማ በ1886 የተዋዋሉት የደራስያን መብት ውል በ1908 ሲሻሻል፣ ድርሰትን ወደ ሲኒማ የመለወጥ ፈቃድ የደራሲው እንዲሆን ተወስኗል። ይህም የተወሰነው በዚያችው በበርሊን ከተማ ነበር። ኩባንያው ግን ፊልሙ በታየበት ዓመት ከሰረና ከእርሱ የሚገኝ ገንዘብ ጠፋ። በመጨረሻ በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት የፊልሙ ቅጂ ሁሉ እንዲጠፋ ፈረደ።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ የደረሰብኝ ነገር ትዝ ይለኛል። አንድ ተማሪ የጓደኛውን ድርሰት ወስዶ አበበ የነበረውን ከበደ፣ ጎጃም የነበረውን ወሎ አድርጎ አቀረበልኝ። መጨረሻውን ግን ከራሱ ጨምሮ ከባለቤቱ ይልቅ አሳምሮት ነበር። ብቀጣው ያችን መልካም መጨረሻ መቅጣት መሰለኝ፤ ዝም ብለው ደግሞ የጓደኛው ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። መጨረሻዋን ብቻ አርሜለት የቀረውን ለባለቤቱ እንዲመልስ አዘዝሁት።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በዚህ ፊልም ግን ደምቋል፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በስቶከር መጽሐፍ ደም መጣጩ ኃይሉ ይቀንስበታል እንጂ በቀን ይመላለሳል፤ የሚገደለውም በጩቤ ነው። በፊልሙ ግን ኤለን ራሷን አሳልፋ ሰጥታ ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ ታቆየዋለች፤ የንጋት ፀሐይ ሲያርፍበትም እንደ ጢስ ይጠፋል። ዛሬ ደም መጣጭ ፀሐይን ይፈራል የሚለው ሰው ሁሉ ሳያውቀው የሚናገረው ከዚህ ፊልም የመጣውን ነው። ይህ የእነርሱ የራሳቸው ነው፤ ማንም አይወስድባቸውም። መስፍኑና ጉዞው ግን የሌላ ሰው ድካም ነበሩ። በእኔ አስተያየት ጥፋታቸው የሰውን ታሪክ በአዲስ መልክ መሥራታቸው አይደለም፤ በሕይወት ያለችውን ባለመብት እንደሌለች መቁጠራቸው ነው። ወይዘሮዋ ፍርድ መጠየቋ ትክክል ነበረ። ፊልሙ ይጥፋ መባሉን ግን፣ ብዙ ባስብበትም፣ ልቤ አይቀበለውም። ኩባንያው ባይከስርና ድርሻዋን ቢከፍላት ኖሮ ነገሩ ወደ እሳት ባልደረሰ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ፍርዱ ቢሰጥም አንዳንድ ቅጂዎች ወደ ሌላ አገር ተሻግረው ስለነበር ተረፉ። ለንደን ውስጥ አንድ የፊልም ማኅበር ሊያሳየው ባሰበ ጊዜም ወይዘሮዋ ተቃወመች። በኋላ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ መብቱን በገንዘብ ገዝቶ በ1931 «ድራኩላ»ን በገዛ ስሙ አወጣ። እርሷም በ1937 ሞተች። ስቶከር ከሞተ 50 ዓመት ሲሞላ መጽሐፉ በአገሩ የሁሉ ሆነ፤ ስለዚህ ጀርመናዊው ቨርነር ሄርዞግ በ1979 «ኖስፌራቱ»ን እንደገና ሲሠራው መስፍኑን ድራኩላ ብሎ ጠራው።