ዶስ ብቻውን ሳይነግሥ፦ የተረሱ የኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ቅኝት

አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ይፋ ያደረገው ኦገስት 12 ቀን 1981 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያው ለማሽኑ ያጨው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ነበሩ። ገዢው ከማይክሮሶፍት የመጣውን ፒሲ-ዶስን፣ ከዲጂታል ሪሰርች የሚመጣውን ሲፒ/ኤም-86ን፣ ወይም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ የተወለደውን ፒ-ሲስተምን መምረጥ ይችላል ተባለ። ፒሲ-ዶስ ከማሽኑ ጋር አብሮ ደረሰ፤ ዋጋው 40 ዶላር ነበር። ሲፒ/ኤም-86 ዘግይቶ በ1982 ሲመጣ 240 ዶላር ተጠየቀበት። ፒ-ሲስተምም ከዶስ እጅግ የተወደደ ነበር። እንዲህ ያለ የዋጋ ልዩነት ሲያይ ገዢው ብዙ አላመነታም።

ከዚያ ወዲህ የሚተረከው ታሪክ የዶስና የዊንዶውስ ታሪክ ነው። ከዶስ በፊትና በዙሪያው የነበሩት ሲስተሞች "ያልተሳካላቸው" ተብለው በአንድ ሐረግ ይታለፋሉ። እኔ ግን አብዛኞቹ የወደቁት በሥራቸው ደካማ ስለነበሩ ነው ብዬ አላምንም። አንዳንዶቹ ዶስ ዕድሜውን ሙሉ ያልቻለውን ነገር በ64 ኪሎባይት ሜሞሪ ይሠሩ ነበር። የጣላቸው ዋጋ፣ ጊዜና ውል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዲስክ ነው። በ1975 የወጣው አልቴር 8800 ኪቦርድም ስክሪንም አልነበረውም። ባለቤቱ ከፊት ለፊቱ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ከፍ ዝቅ እያደረገ ፕሮግራሙን ባይት በባይት ያስገባል፤ ቀናው ከተባለ ከወረቀት ጥብጣብ ወይም ከካሴት ይጭናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብዙም አያስፈልግም። ፍሎፒ ዲስክ ሲመጣ ግን ምኑ የት እንዳለ የሚመዘግብ፣ ፋይል የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ባዶ ቦታ የሚያድል ተቆጣጣሪ የግድ ሆነ።

ይህን ቀድሞ ያየው ጋሪ ኪልዳል ነው። ሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ጎን ለጎንም ኢንቴልን ያማክር ነበር። ለኩባንያው ማይክሮፕሮሰሰሮች ፒኤል/ኤም የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠራው እሱ ነው። ከሹጋርት ኩባንያ አንድ የፍሎፒ ድራይቭ አግኝቶ ነበር፤ ድራይቩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሰርኪዩት ግን ሠርቶ መጨረስ አልሆነለትም። ወዳጁ ጆን ቶሮዲ በ1974 ያንን ሲሠራለት፣ ኪልዳል የጻፈው ሲፒ/ኤም ከዲስክ ተነሥቶ ሠራ። ኪልዳልና ባለቤቱ ዶሮቲ ማክኢወን ፓሲፊክ ግሮቭ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ "ኢንተርጋላክቲክ ዲጂታል ሪሰርች" የሚል ኩባንያ አቋቁመው ሲስተሙን በ70 ዶላር ለገበያ አቀረቡ።

እስከዚህ ድረስ ኪልዳል የሠራው ጥሩ የዲስክ ተቆጣጣሪ ነው። ታላቁ ሥራው የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ኢምሳይ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ሲፒ/ኤምን ለማሽኖቹ በፈለገ ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን የአንዱ ኩባንያ ዲስክና ስክሪን ከሌላው ጋር አይመሳሰልም ነበርና፣ በየማሽኑ ሲስተሙን እንደገና ማስተካከል አሰልቺ ሆነ። ኪልዳል መፍትሔ አበጀለት። ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን ክፍል ለብቻው ቆርጦ አወጣውና ባዮስ አለው። ከዚያ በላይ ያለው ሲስተም የትም ቢሄድ አይለወጥም፤ አዲስ ማሽን የሚሠራ ኩባንያ የሚጽፈው ባዮሱን ብቻ ነው። ስለዚያ ዘመን ኮምፒውተር ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ያለ ትልቅ መዘዝ ያመጣ ትንሽ ሐሳብ አላገኘሁም። ሶፍትዌር ከአንድ ማሽን ዕጣ ፈንታ የተላቀቀው ያኔ ነው። ወርድስታር የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም እና የመረጃ ቋቱ ዲቤዝ 2 ለሲፒ/ኤም ተጽፈው በብዙ ኩባንያዎች ማሽን ላይ የተሸጡት በዚህ ምክንያት ነው። በ1981 የወጣውና እንደ ሻንጣ የሚንጠለጠለው ኦዝቦርን 1 በ1,795 ዶላር ሲሸጥ ሲፒ/ኤምን ይዞ ነበር። ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የነበረው አፕል 2 እንኳ ሲፒ/ኤምን እንዲያስኬድ ማይክሮሶፍት በ1980 ሶፍትካርድ የተባለ ካርድ ሸጠ፤ በላዩ ላይ ዜድ80 ፕሮሰሰር ነበረበት።

ለተጠቃሚው ግን ሲፒ/ኤም ፊቱን የሚፈታ ሲስተም አልነበረም። ፋይል ለመቅዳት መጀመሪያ መድረሻውን፣ ቀጥሎ መነሻውን መጻፍ ነበረብህ። ፍሎፒውን ቀይረህ የቁጥጥር ቁልፉን ከሲ ፊደል ጋር መጫን ከረሳህ፣ አዲሱ ዲስክ ላይ ልትጽፍ ስትል ስሕተት ብሎ ይመልስሃል። ሰዎች ይህን ሁሉ ችለው የሠሩበት የሚፈልጉት ፕሮግራም ያለው እዚያ ስለነበር ነው። የምሥራቁ ጎራ አገሮችም ወደዚያው ዞሩ፤ በምሥራቅ ጀርመን የሮቦትሮን ኮምፒውተሮች ኤስሲፒ በሚል ስም የሲፒ/ኤምን ቅጂ ያስኬዱ ነበር፤ በ1985 ማምረት የተጀመረው ፒሲ 1715ም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ሲፒ/ኤም ያልደረሰባቸው ሰፈሮችም ነበሩ። አፕል ለዲስክ 2 ድራይቩ የሚሆን ሲስተም የሚጽፍለት ሰው ከራሱ ቤት አላገኘም፤ በኤፕሪል 1978 ሼፐርድሰን ማይክሮሲስተምስ ከተባለ ትንሽ ድርጅት ጋር በ13,000 ዶላር ተዋውሎ ፖል ላውተን የተባለ ፕሮግራመር በ35 ቀን ገደብ ሠራው። ታንዲ የተባለው ኩባንያ ለቲአርኤስ-80 ኮምፒውተሩ ያወጣው ቲአርኤስዶስ ስሕተት ስለበዛበት ኒውዶስ፣ ኤልዶስ፣ ዶስፕላስ የሚባሉ ተተኪዎች ገበያ ወጥተው፣ ተጠቃሚው ለአንዱ ማሽን ከብዙ ሲስተሞች የሚያማርጥበት ጊዜ ሆነ።

ፒ-ሲስተም የመጣው ከክፍል ውስጥ ነው። ኬኔት ቦውልስ ሳንዲዬጎ ውስጥ ፕሮግራሚንግ ያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹ በትልቁ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ ተራ ከሚጠብቁ በትንንሽ ማሽኖች ፓስካል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንዲጽፉ ፈለገ። ትንንሾቹ ማሽኖች ግን ፕሮሰሰራቸው የተለያየ ነበር። እሱና ተማሪዎቹ ያገኙት መላ፣ ፕሮግራሙን በእውን ወደሌለ ምናባዊ ማሽን ቋንቋ፣ ማለትም ወደ ፒ-ኮድ መለወጥ ነበር። በየኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈው ያንን ቋንቋ የሚያስፈጽም ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው። ኪልዳል ከታች ያለውን ዕቃ ለየ፤ ቦውልስ ፕሮሰሰሩን ራሱን ለየው። በአንድ ማሽን የተዘጋጀ ፕሮግራም ሳይነካ በሌላው ይሠራ ነበር። ዌስተርን ዲጂታል በ1979 ፒ-ኮድን በቀጥታ የሚያስኬድ ኮምፒውተር እስከማውጣት ደርሶ ነበር። ዊዛርድሪ የተባለው ዝነኛ የአፕል 2 ጨዋታ የተጻፈው በዚሁ ሲስተም ፓስካል ነው።

ፒ-ሲስተም የከፈለው ዋጋ ፍጥነት ነው። በመካከል አስፈጻሚ ስላለ ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል። ሌላም ጣጣ ነበረው፤ እያንዳንዱ ፋይል በዲስኩ ላይ ሳይቆራረጥ በአንድ ቦታ መቀመጥ ስላለበት፣ ባዶ ቦታው ሲበታተን ተጠቃሚው ሥራውን አቁሞ ዲስኩን ማጠጋጋት ነበረበት። ያም ሆኖ ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1995 ዓለምን ያነጋገረበት ሐሳብ ከመሠረቱ ይኸው ነው፤ ማሽኖቹ እስኪፈጥኑ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረው።

ከሁሉ በላይ የምቆረቆርለት ኦኤስ-9 ነው። ዴሞይን፣ አዮዋ የሚገኘው ማይክሮዌር የተባለ ድርጅት ከሞቶሮላ ጋር ሲሠራ ቆይቶ ለ6809 ፕሮሰሰር አወጣው። 6809 ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ነው፤ የሚደርስበት ሜሞሪም 64 ኪሎባይት ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ኦኤስ-9 ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ ያስኬዳል፤ ከአንድ በላይ ተጠቃሚ ያስተናግዳል፤ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ዶስ ፎልደር ያገኘው ሁለተኛው ስሪቱ በ1983 ሲወጣ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ ማስኬድን ግን ማይክሮሶፍት በሸጠው በየትኛውም ተራ የዶስ ስሪት አላገኘውም። ኦኤስ-9ን በቤቱ የሚያውቀው ሰው ብዙውን ጊዜ የታንዲ ከለር ኮምፒውተር ባለቤት ነበር። በኋላ የፊሊፕስ ሲዲ-አይ ማጫወቻ ከሱ የወጣ ሲስተም ይዞ መጣ። አፕል በ1999 ማክ ኦኤስ 9ን ሲያወጣ ማይክሮዌር በስሙ ምክንያት ከስሶ ተረታ።

አሸናፊው እንዴት ተወለደ? ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ባለ 16 ቢት 8086 ፕሮሰሰር ያለው ቦርድ ሠርቶ ነበር፤ የሚያስኬደው ሲስተም ግን አልነበረውም፤ የዲጂታል ሪሰርች ሲፒ/ኤም-86 ዘገየበት። የኩባንያው ወጣት መሐንዲስ ቲም ፓተርሰን በ1980 የራሱን ጻፈ። ይህ ሰው የማይክሮሶፍትን ሶፍትካርድ የነደፈው ራሱ ነው፤ ሲፒ/ኤምን በሚገባ ያውቀው ነበር። በጥድፊያ መሠራቱን በሚናገር ስም መጀመሪያ ኪውዶስ ተባለ፤ በኋላ 86-ዶስ ሆነ። ማይክሮሶፍት በመጀመሪያ ፈቃዱን፣ ቀጥሎም በጁላይ 1981 ሙሉ መብቱን ገዛ፤ ጠቅላላ ክፍያው 75,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ፒሲ-ዶስ የሆነውም ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የሚነገር አንድ ተረት አለ፤ የአይቢኤም ሰዎች ለፒሲያቸው ሲስተም ፈልገው ፓሲፊክ ግሮቭ ሲመጡ ኪልዳል አውሮፕላን እያበረረ ሲዝናና ዕድሉ አመለጠው ይባላል። ይህ ለሰውየው ፍርድ አይደለም። የበረረው ደንበኛ ለማነጋገር ነበር፤ የኩባንያውን ውል የምትከታተለው ዶሮቲ ቢሮ ነበረች፤ ንግግሩ የተጓተተውም አይቢኤም ባቀረበው የምሥጢር ጥበቃ ውል ላይ ነው። ኪልዳል ዶስ ከሲፒ/ኤም ጋር ያለውን መመሳሰል አይቶ ሲቃወም፣ አይቢኤም ሁለቱንም ጎን ለጎን ሊሸጥ ተስማማ። ከዚያ የሆነውን የዋጋው ዝርዝር ነግሮናል።

መመሳሰሉ እውነት ነበር። ኮዱ አልተቀዳም፤ በ2012 የሁለቱን ኮድ ያነጻጸረ ባለሙያ ቅጂ አላገኘም። ነገር ግን ፓተርሰን የሲፒ/ኤም ፕሮግራሞች በቀላሉ ወደ 86-ዶስ እንዲዛወሩ ስለፈለገ፣ ፕሮግራም ሲስተሙን የሚጠራበትን መንገድ ከኪልዳል ወሰደ። ድራይቮችን በኤ፣ በቢ፣ በሲ ፊደላት መጥራት፣ 8 ፊደል ስምና 3 ፊደል ቅጥያ ያለው የፋይል ስም፣ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ዛሬ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ላይ ዋናው ዲስክ ሲ የሚባለው በዚህ ውርስ ነው፤ ኤ እና ቢ ለፍሎፒ የተያዙ ነበሩና።

ይህ ውርስ እኛንም ነክቶናል። በሲፒ/ኤም የፋይል ስም ውስጥ ለአንድ ፊደል የተሰጠው 7 ቢት ነበር፤ በቅጥያው ላይ የተረፈችው ስምንተኛ ቢት ፋይሉ እንዳይጻፍበት ወይም እንዳይታይ ለማድረግ ውላለች። በዶስ የጽሑፍ ስክሪን ላይ በተለመደው አሠራር የሚገኙት ምልክቶች 256 ናቸው። የግዕዝ ፊደል 33ቱ ሆሄያት ከነሰባት ድምፃቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ፣ ከላቲኑም ጋር አብረው ይቀመጡ ሲባል ቦታ አይበቃም። አማርኛን በዶስ ላይ ለማስጻፍ የደከሙ ባለሙያዎች ሲስተሙ ከሰጣቸው ሰሌዳ ውጭ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰሌዳ የራሱን ስፍራ ያገኘው በ1999 ነው።

መስኮትና ማውዝም ከዊንዶውስ በፊት በፒሲ ላይ ነበሩ። ቪዚካልክ የተባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ይሸጥ የነበረው ቪዚኮርፕ በ1982 መጨረሻ በኮምዴክስ አውደ ርዕይ ቪዚ ኦንን አሳየ፤ ከተመልካቾቹ አንዱ ቢል ጌትስ ነበር። በ1983 መጨረሻ ሲሸጥ ግን 512 ኪሎባይት ሜሞሪና ሃርድ ዲስክ ጠየቀ፤ በዚያን ጊዜ ሃርድ ዲስክ ያለው ፒሲ ብርቅ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቪዚኮርፕ ሸጦት ወጣ። የዲጂታል ሪሰርች ጄም በ1985 ተከተለ፤ የማኪንቶሽ ገጽታ ተወሰደብኝ ብሎ አፕል ስለተጫነው፣ የፒሲው ስሪት በሁለት የማይንቀሳቀሱ መስኮቶች ተወስኖ ቀረ። በአታሪ ኤስቲ ላይ ግን ሙሉ ሆኖ ኖረ።

ዩኒክስን ወደ ትንሹ ማሽን ለማውረድ ከጣሩት መካከል የሺካጎው ማርክ ዊሊያምስ ኩባንያ ኮሂረንት የተባለውን ሲስተም ከባዶ ጻፈ። ዩኒክስን በጣም ስለመሰለ ባለቤቱ ኤቲኤንድቲ ተጠራጠረ፤ ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱን ዴኒስ ሪቺን እንዲመረምር ላከው። ሪቺ የተቀዳ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፤ ጉዳዩም በዚያው ቀረ። ኮሂረንት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በ100 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ በነጻ የሚታደለው ሊነክስ ሲመጣ ግን መቋቋም አልቻለም፤ ኩባንያው በ1995 ተዘጋ።

ከካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የወጡት ጎርደን ቤልና ዳን ዶጅ ሌላ መንገድ ያዙ። በ1982 ለአይቢኤም ፒሲ ያወጡት ሲስተም፣ በኋላ ኪውኤንኤክስ የተባለው፣ እምብርቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ የፋይሉም የዲስኩም ሥራ እንደ ተራ ፕሮግራም ከእምብርቱ ውጭ ሆኖ መልእክት በመላላክ ይከናወናል። አንዱ ክፍል ቢወድቅ ሌላውን ይዞ አይወድቅም፤ የወደቀው ለብቻው ይነሣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው ሲስተሙን ከነመስኮቱና ከነኢንተርኔት ማሰሻው በአንዲት 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ላይ ጭኖ ያድል ነበር። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ገበያ ስም አላገኘም። በ2010 የብላክቤሪ አምራች ገዛው፤ ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በሚበልጡ መኪኖች ውስጥ ይሠራል።