ከሰበታ እስከ ጅማ፦ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ችግር ትምህርት አመጣጥ

የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ችግር ጥናት በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ሆኖ መሰጠት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። መሠረቱ የተጣለው ግን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ጉዳዩ ከማሰባቸው አስቀድሞ በትናንሽ ትምህርት ቤቶች ነበር። ታሪኩ በሁለት መስመር ይሄዳል። አንደኛው መስመር ከመማሪያ ክፍል ተነሥቶ በሰበታ የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኗል፤ ሁለተኛው ከሆስፒታል ተነሥቶ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላይ ደርሷል። ሰበታና ጅማ፣ በመካከላቸውም ያሉት እንደ ተጂ ያሉ ከተሞች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚወስደው አንድ አቅጣጫ ይገኛሉ። ሁለቱ የትምህርት መስመሮች ግን እስከ ዛሬ በሚገባ አልተገናኙም።

ሙያው ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ኮልታፋ፣ ተብታባ፣ ዲዳ፣ ደንቆሮ የሚሉት ስሞች በየመንደሩ የታወቁ ነበሩ። ስሞቹ እንደ ቅጽል በሰው ላይ ይለጠፋሉ፤ ብዙዎቹም ዕድሜ ልክ አብረው ይኖራሉ። ቤተሰብ ልጁን ወደ ጸበል ይወስዳል፤ ጉሮሮው ሲያምም እንጥል ማስቆረጥም በብዙ አካባቢ የተለመደ ነበር። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ መምገል፣ እንደ ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ያደነቆሯቸው ልጆች መስማት ያቆሙበት ምክንያት ለወላጅ ግልጽ ሳይሆን ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም እርግማን ተደርጎ ይቆጠራል። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ደግሞ የጆሮና የድምፅ ትምህርት ነው። ፊደል ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፤ ዳዊት በቃል ይደገማል፤ መምህሩ የተማሪውን ስሕተት የሚይዘው በመስማት ነው። ስለዚህ የማይሰማ ወይም አንደበቱ የማይፈታ ልጅ ከትምህርት የሚወጣው ገና ከ«ሀ ሁ» ጀምሮ ነበር።

በሌላው ዓለም ጥናቱ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና በ20ኛው መጀመሪያ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 ንግግር ያጣ በሽተኛ አንጎል ላይ የተጎዳውን ቦታ አሳየ፤ ከዚያ በኋላ የንግግር መጥፋት ከምላስ ብቻ ጋር የሚያያዝ ነገር መሆኑ ቀረ። ሐኪሙ ኤሚል ፍሮሸልስ እ.ኤ.አ. በ1924 በቪየና የዘርፉን ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረተ፤ በማግስቱ ዓመት አሜሪካውያን የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። የመስማት ምርመራ፣ ማለትም ኦዲዮሎጂ፣ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጆሯቸው የተጎዳ ወታደሮችን ለማከም ሲባል ነው። አሜሪካ ንግግርንና መስማትን በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል አስተሳስራ አስተማረች። በሰሜን አውሮፓ ግን ሥራው ለረጅም ጊዜ በንግግር መምህራን እጅ ቆየ። ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ ትርጉም አለው፤ ቀድመው ከመጡት ረዳቶች መካከል የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ስለነበሩ፣ ሙያው መጀመሪያ የገባው በትምህርት ቤት በር ነው።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት በዘመናዊ መልክ የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። በአዲስ አበባ የመካኒሳና የአልፋ ትምህርት ቤቶች በሚሲዮናውያንና በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጥረት ተከፈቱ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሆሳዕናው ተከተለ። ከአሜሪካና ከስካንዲናቪያ የመጡት መምህራን የየራሳቸውን ምልክት ይዘው ስለመጡ፣ ተማሪዎቹ ከቤታቸው ካመጡት ምልክት ጋር ተቀላቅሎ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ እየጠነከረ ሄደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተው የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከሠራቸው ሥራዎች ትልቁ የጣት ፊደል ነው። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፤ ሰባቱ እንቅስቃሴዎች ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ድምፆች ይለያሉ። የላቲንን የጣት ፊደል እንዳለ መውሰድ ቀላል በሆነ ነበር። ማኅበሩ ያንን ትቶ የፊደልን ሥርዓት በእጅ ማስቀመጡ፣ ከዚህ መስክ ታሪክ ሁሉ በጣም ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው፤ የሠሩትም መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ሰበታ በልዩ ትምህርት የታወቀችው አስቀድሞ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራንን ከመላው አገር ሰብስቦ ያስተማረ ሲሆን፣ ከእርሱ የወጡ ብዙዎች ለዩኒቨርሲቲና ለሕግ ሙያ በቅተዋል። በ1980ዎቹ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የልዩ ትምህርት መምህራን ሥልጠና የተጀመረው በዚያችው ከተማ ነው። ሠልጣኞቹ አብዛኞቹ በሥራ ላይ የነበሩ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ናቸው። ማየት፣ መስማትና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላይ ያተኮረ ትምህርት ወስደው ወደየክልላቸው ይመለሳሉ፤ በመደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ልዩ ክፍል ይከፍታሉ። ማሠልጠኛው በኋላ ወደ ልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራን ኮሌጅ አደገ። በክፍለ አገር አንድ መምህር ልጁ «አልታዘዝ ባይ» ሳይሆን የማይሰማ መሆኑን ለይቶ ለወላጅ ካስረዳ፣ ያንን ዓይን ያገኘው ብዙ ጊዜ ከሰበታ ነው። ሥልጠናው የጎደለው ነገርም ነበር፦ ልጁን ማስተማር ያሳያል፤ ላንቃን፣ ጉሮሮንና ድምፅ አወጣጥን መርምሮ ማረም ግን የትምህርቱ ዋና ክፍል አልነበረም።

በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርትን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ያዘ። መስኩን ለረጅም ዘመን ካስተማሩትና ካጠኑት መካከል ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ተከፈተ። ምልክት ቋንቋ በሥነ ልሳን ክፍል ገብቶ እንደማንኛውም ቋንቋ ሰዋስው ያለው መሆኑ ሲጠና፣ መስማት አለመቻል ሁልጊዜ በሕክምና መስተካከል ያለበት ጉድለት ነው የሚለው አስተሳሰብ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መልስ አገኘ።

የሆስፒታሉ መስመር የተነሣው ከከንፈርና ከላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታልና በሌሎች ተቋማት፣ በውጭ ድርጅቶች እርዳታ፣ ብዙ ሕፃናት በነፃ ተሰፍተዋል። ሐኪሞቹ ግን አንድ ነገር ደጋግመው ተመለከቱ። የከንፈሩ ቁስል ይድናል፤ ልጁ ግን ቃሉ በአፍንጫው እየወጣ አይሰማለትም። የላንቃው ክፍተት ቢዘጋም ልጁ ከቀዶው በፊት የለመደውን የተሳሳተ ድምፅ አወጣጥ አይተውም፤ እሱን የሚያስተወው ተደጋጋሚ ልምምድ ብቻ ነው። ያንን ልምምድ የሚሰጥ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ማግኘት አዳጋች ነበር፤ የውጭ ባለሙያ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ይመለሳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ2000ዎቹ አጋማሽ የንግግርና የቋንቋ ሕክምናን የመጀመሪያ ዲግሪ የከፈተው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ተማሪው የአፍና የጉሮሮ አካልን፣ የድምፅ ሥነ ልሳንን፣ የሕፃናት የቋንቋ ዕድገትን፣ የመንተባተብንና ከአንጎል ምት በኋላ የሚመጣ የንግግር መጥፋትን ይማራል፤ ቀጥሎም በሆስፒታል በታካሚ ፊት ይሠለጥናል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ችግር የቋንቋው ነው፤ ሙያውም ገና ያልተወጣው እሱን ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱና የመመርመሪያ ቅጾቹ የተዘጋጁት ለእንግሊዝኛና ለሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ነው። አማርኛ ግን ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ቀ የሚባሉ ድምፆች አሉት፤ እነዚህ የሚወጡት ጉሮሮ ተዘግቶ፣ አየሩ በአፍ ውስጥ ታምቆ ነው። ላንቃው የሚያፈስ ልጅ አየሩን ማመቅ ስለማይችል ድምፆቹ ይጠፉበታል። አፋን ኦሮሞ በበኩሉ አየርን ወደ ውስጥ እየሳበ የሚወጣውን ዸን ይጨምራል፤ አናባቢ ማስረዘምና ማሳጠርም የቃልን ፍቺ ይለውጣል። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለያል፤ ፊደሉ ግን አያሳየውም። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ ወይም በተጂ የሚያድግ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ ሊናገር ይችላል። አንዱን ድምፅ ያሳሳተው ሕመም ይሁን የሁለተኛው ቋንቋ ልማድ ለመለየት፣ መርማሪው ሁለቱንም ቋንቋዎች ከነድምፅ ሥርዓታቸው ማወቅ አለበት። ስዊድናዊም ቤልጅየማዊም ይህን ሊሠራለት አይችልም።

ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የተሞከረ አንድ አገር በቀል መንገድም አለ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የሆኑት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለውን የፊደል ድምፆችን መሠረት ያደረገ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። የፊደል ገበታ እያንዳንዱን ተነባቢ በሰባት አናባቢ ስለሚያሰልፍ፣ ለንግግር ልምምድ የተሰናዳ ሰንጠረዥ ሆኖ ያገለግላል። የምልክት ቋንቋው የጣት ፊደልም የተመሠረተው በዚሁ ገበታ ላይ ነው።

በዛሬው አያያዝ የሰበታው መምህር ልጁን በክፍል ውስጥ ያገኘዋል፤ የጅማው ምሩቅ በሆስፒታል ይጠብቀዋል፤ የመስማት ምርመራ ባለሙያ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ጥቂት ነው። አብዛኛው ልጅ ሆስፒታል አይደርስም፤ ትምህርት ቤት ግን ይገባል። ስለዚህ የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮች የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ምሩቃንን በትምህርት ቤቶችና በመምህራን ኮሌጆች ጭምር ሊመድቧቸው፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚሠሩ የምርመራ ቅጾችንም በአንድነት ሊያዘጋጁ ይገባል።