ለአንድ ተማሪ የዘገየ መልስ፤ ስለ ኮንጎ

ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ያህል ይሆነዋል። የታሪክ መምህር ነበርሁና ስለ አፍሪካ አገሮች ነጻነት በማስተምርበት ቀን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፤ «ጋሼ፣ ሉሙምባን የገደለው ማን ነው? ነጭ ነው ወይስ ጥቁር?» ብሎ ጠየቀኝ። ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ያህል ቀርቶ ነበር። እኔም ሳላመነታ፤ «ነጭ ነው» ብዬ መለስሁለት። ክፍሉ በመልሱ ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ደወሉም ተደወለ።

መልሴ ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን ግማሽ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጊዜ አግኝቼ የኮንጎን ታሪክ ደኅና አድርጌ ሳነብ ያ ልጅ ከሐሳቤ አልጠፋ አለ። አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ ምናልባት እሱ ራሱ የልጆች አባት ሆኗል። ስለዚህ ለእሱ ያልሰጠሁትን መልስ እናንተ ዛሬ በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች ተቀበሉኝ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ኮንጎ በስፋቷ ቤልጅግን ከሰባ እጥፍ በላይ የምትበልጥ አገር ናት። የአውሮፓ መንግሥታት በ1884 እና በ1885 በበርሊን ተሰብስበው ስለ አፍሪካ ሲመክሩ ግን ይህች ሰፊ አገር ለቤልጅግ መንግሥት እንኳ ሳይሆን ለንጉሡ ለዳግማዊ ሌዎፖልድ የግል ርስት ሆና ቀረች። ንጉሡ ርስቱን አንድ ቀን እንኳ በእግሩ ሳይረግጥ ሞተ። ወኪሎቹ ከጫካ የሚቀዳውን የጎማ ወተት በየመንደሩ በመጠን እየደለደሉ፣ መጠኑን ባላሟላው ላይ ወታደር ይሰዱ ነበር፤ የብዙ ሰውም እጅ ተቆረጠ። ግፉ በዓለም ተሰምቶ ነውር በሆነ ጊዜ በ1908 አገሪቱ ወደ ቤልጅግ መንግሥት ተላለፈች። ይህን በአጭሩ የማልፈው ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ነው። እኔ ቆም ብዬ ላየው የምፈልገው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።

ቤልጅጎች ሕዝቡን ፈጽሞ አላስተማሩም ማለት ሐሰት ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኮንጎ ከብዙ የአፍሪካ አገር ይልቅ ተስፋፍቶ ነበር፤ አስተማሪዎቹም በብዛት ሚስዮናውያን ነበሩ። እኔም የሚስዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ማንበብን፣ ሒሳብን፣ በሰዓት መገኘትን ከዚያ ስለ ተማርሁ ውለታውን አልክድም። በኮንጎ ግን ትምህርቱ ከታች ሰፊ፣ ከላይ የተዘጋ ነበር። ልጁ ጸሎቱን፣ ጽሕፈቱንና የእጅ ሥራውን ከተማረ በኋላ ቄስ ለመሆን ካልፈለገ በቀር ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ለማግኘት ይቸገር ነበር። የሎቫንየም ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1954 ነው። ነጻነት በመጣ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የጨረሱት ኮንጓውያን ከሠላሳ አይበልጡም ነበር። ሃያ አምስት ሺሕ ያህል ወታደር በነበረው ጦር ውስጥ አንድም ኮንጓዊ መኮንን አልነበረም።

ኋላ ስማቸው የገነነው ካሳቩቡም፣ ሉሙምባም፣ ቾምቤም፣ ሞቡቱም ሁሉም በሚስዮን ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። አባታችን ሆይ እየደገሙ ያደጉ ሰዎች ነጻነታቸውን ባገኙ በጥቂት ወር ውስጥ እርስ በርሳቸው ለመጠፋፋት መድረሳቸውን ሳስብ፣ እኛ አስተማሪዎች ምን ስናስተምር እንደ ኖርን ራሴን እጠይቃለሁ።

በ1960 መጀመሪያ የኮንጎ መሪዎች በብራስልስ ከቤልጅግ ሰዎች ጋር በአንድ ክብ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ሉሙምባ ከእስር ቤት ወጥቶ ነበር ወደዚያ የሄደው። ሁሉም በአንድ ቃል ነጻነት አሁን ይሁን አሉ፤ ቀኑም ለጁን 30 ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በኤፕሪልና በሜይ ሁለተኛ ጉባኤ ተደረገ። ይህኛው ስለ ባንዲራ ሳይሆን ስለ ገንዘብ፣ ስለ ኩባንያዎች ድርሻና ስለ አገሪቱ ዕዳ የሚነጋገር ነበር። መሪዎቹ ግን በዚያ ጊዜ በአገር ቤት ለምርጫ ይሯሯጡ ስለ ነበር ወደ ሁለተኛው ጉባኤ በብዛት የላኩት ተማሪዎችንና ወጣቶችን ነው። ከተላኩትም አንዱ ቀድሞ የጋዜጣ ጸሐፊ የነበረው ሞቡቱ ነበረ፤ በባንክ ሰዎች እንደ ተታለሉም እሱ ራሱ ኋላ ተናግሯል። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንድታስቡ እለምናችኋለሁ። ወደ ባንዲራው ጠረጴዛ ሁሉም ተጋፍቶ ሄደ፤ ወደ ሒሳቡ ጠረጴዛ ግን የሚሄድ ጠፋ። እኔ ሳስተምር በነበርሁበት ዘመንም ንግግር ማድረግ የሚወድ ተማሪ ሞልቶ ነበር፤ የክበቡን ገንዘብ መዝገብ እንዲይዝ የሚለመነው ግን ሁልጊዜ አንድ ልጅ ነበር።

ጁን 30 ቀን 1960፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ነጻነት ታወጀ። ንጉሥ ቦዱዌን የአያታቸውን አጎት የሌዎፖልድን ሥራ አመሰገኑ፤ ሉሙምባም በፊታቸው ቆሞ ሕዝቡ የተቀበለውን ውርደት ዘረዘረ። ንግግሩ እውነት ነበር። አምስት ቀን ያህል እንዳለፈ የጦሩ አዛዥ የነበረው ቤልጅጋዊው ጄኔራል ዣንሰንስ የአገሩን ወታደሮች ሰብስቦ ጠመኔ አነሣና በጥቁር ሰሌዳ ላይ፤ «ከነጻነት በፊት = ከነጻነት በኋላ» ብሎ ጻፈ። ከአርባ ዓመት ያላነሰ ጠመኔ ስይዝ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ በጠመኔ ከተጻፈው ሁሉ ይህን ያህል ደም ያስከተለ ያለ አይመስለኝም። ወታደሮቹ ዐመፁ፤ ነጮች ተደበደቡ፤ ሴቶች ተደፈሩ፤ የቤልጅግ ሹማምንት በብዙ ሺሕ እየሸሹ ወጡ። እነሱ ሲወጡ ቴሌግራፉን፣ ሆስፒታሉን፣ ግምጃ ቤቱን የሚይዝ ሰው አልተዘጋጀም ነበር። በጁላይ 10 የቤልጅግ ጦር ዜጎቼን አድናለሁ ብሎ ገባ። በማግሥቱ ሞይስ ቾምቤ የካታንጋን ክፍለ አገር ገንጥሎ ነጻ መንግሥት ነኝ አለ።

ካታንጋ ማለት መዳብና ኮባልት ማለት ነው። በሂሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ ዩራኒየም በአብዛኛው የወጣው ከዚያ፣ ከሺንኮሎብዌ ነው። ማዕድኑን በ1906 የተቋቋመው ዩኒየን ሚኒዬር የተባለ ኩባንያ ይዞት ነበር፤ ለማዕከላዊው መንግሥት ሊከፍል የሚገባውንም ግብር ለቾምቤ መክፈል ጀመረ። የቾምቤን ጦር የቤልጅግ መኮንኖች መሩት፤ ኋላም ከየአገሩ በደመወዝ የተቀጠሩ ነጭ ወታደሮች ተጨመሩበት። ሆኖም ቾምቤን የሌላ ሰው አሻንጉሊት ብቻ አድርጌ ብተወው ሁለተኛ ግማሽ መልስ ይሆንብኛል። የክፍለ አገራችን ሀብት ለሩቅ ዋና ከተማ ይሄዳል፤ ከካሳይ የመጡ ሰዎች ሥራችንን ያዙብን የሚል ቅሬታ በብዙ ካታንጋውያን ዘንድ ነበር። ቅሬታው ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ከወንድም ጋር ተቀምጦ ከመሟገት ይልቅ የባዕድ ጠመንጃ ተከራይቶ መገንጠል የቀለለ መሰለው። በኦገስት የአልማዝ አገር የሆነው ደቡብ ካሳይም ተገነጠለ።

ሉሙምባም ቢሆን ያለ ጥፋት አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ወታደር በጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ገባለት፤ ግን ካታንጋን በኃይል አልመልስም ስላለው ትዕግሥቱ አለቀና ከሶቪየት ኅብረት አውሮፕላንና መኪና ተቀበለ። ወደ ካሳይ የላከው ጦር በባክዋንጋ ብዙ ሰላማዊ የባሉባ ሰው ፈጀ። አሜሪካኖችም ኮንጎ ወደ ኮሙኒስት ልትሄድ ነው ብለው ደነገጡ፤ የስለላ መሥሪያ ቤታቸው ሉሙምባን ለመግደል መርዝ እስከ ሌዎፖልድቪል ድረስ ልኮ እንደ ነበር በ1975 የገዛ ምክር ቤታቸው አጋልጧል። መርዙ ግን ሥራ ላይ አልዋለም፤ አላስፈለገምና።

ለምን አላስፈለገም? በሴፕቴምበር 5 ፕሬዚዳንቱ ካሳቩቡ ሉሙምባን ሻሩት፤ ሉሙምባም ፕሬዚዳንቱን ሻርሁ አለ። በዘጠነኛው ቀን ሉሙምባ ራሱ ሹመት የሰጠው ኮሎኔል ሞቡቱ በሁለቱም ላይ ተነሣ። ሉሙምባ በቤቱ ታግዶ ቆየ፤ በኖቬምበር መጨረሻ አምልጦ ወደ ስታንሊቪል ሲጓዝ የሞቡቱ ወታደሮች ያዙት። በጃንዋሪ 17 ቀን 1961 የሌዎፖልድቪል መሪዎች፣ ቤልጅጎችም እየገፉ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ከምፖሎና ከኦኪቶ ጋር በአውሮፕላን ጭነው ክፉኛ ለሚጠሉት ለካታንጋ ሰዎች ሰደዱት። በመንገድ ሳለ የደበደቡት ጥቁር ወታደሮች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ዘበኞች ከአውሮፕላን ሲወርድ ከሩቅ አዩት። በዚያው ምሽት ከኤሊዛቤትቪል አጠገብ በጫካ ውስጥ ካታንጋውያን ወታደሮች ተኮሱበት፤ የቤልጅግ መኮንኖች በቦታው ነበሩ፤ ቾምቤና ሚኒስትሮቹም ቆመው አዩ። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ዓመት ነበር። ተማሪዬ በአንድ ቃል መልስ የጠየቀኝ ይህን ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ የእኛ አገር ሰዎችም ነበሩበት። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ወታደሮቿን ልካ ነበር፤ ከ1962 እስከ 1963 ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ የጠቅላላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆነው አገልግለዋል። የእናቴ ወንድም ከዘማቾቹ አንዱ ነበር። በልጅነቴ ስለ ጀብዱ እንዲነግረኝ ብለምነው እሱ የሚነግረኝ ስለ ኤሊዛቤትቪል የኤሌክትሪክ መብራት ነበር። ከተማው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቀን ይበራል፤ የማዕድኑም ጭስ አይቋረጥም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ግን ልጆች በጨለማ ተቀምጠው እንጀራ ይለምኑናል ይል ነበር። «ካታንጋዎቹን ያስጣልናቸው ጠመንጃ ላይ የተጻፈውን ፊደል ከእኛ የሚያነበው አልነበረም፤ የያዘውም ሰው አያነበውም ነበር» ያለኝን አልረሳም። የካታንጋ መገንጠል በጃንዋሪ 1963 አከተመ።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት ጦር በጁን 1964 ሲወጣ በምሥራቅ ሌላ ዐመፅ ተነሥቶ ነበር። ያንን ለማጥፋት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የተሾመው ማን ይመስላችኋል? ያው ገንጣዩ ቾምቤ ነው፤ ቅጥረኞቹንም ይዞ መጣ። በኖቬምበር 1965 ሞቡቱ ሥልጣኑን ያዘና እስከ 1997 ድረስ ገዛ። ዩኒየን ሚኒዬርን ወረሰ፤ የአገሪቱን፣ የወንዙንና የከተሞቹን ስም ለወጠ፤ ሰዎች የክርስትና ስማቸውን እንዲተዉና ከረባት እንዳያስሩ አዘዘ። በ1977 እና በ1978 ግን ሻባ ተብሎ ስሙ የተለወጠው ካታንጋ በወራሪ ሲያዝበት አንደኛውን ጊዜ የሞሮኮ፣ ሁለተኛውን ጊዜ የፈረንሳይና የቤልጅግ ወታደር መጥቶ አስጣለለት። ከረባቱን ያወለቀው መንግሥት የራሱን ክፍለ አገር በራሱ ወታደር መጠበቅ አልቻለም ማለት ነው። እሱ ከወደቀ ወዲህም በምሥራቅ ያለው ጦርነት ብዙ ስምና ብዙ ወገን እየለወጠ ቀጠለ፤ በ2025 መጀመሪያ የጎማና የቡካቩ ከተሞች ከአገሪቱ መንግሥት እጅ ወጥተው በታጣቂዎች እጅ ወደቁ። በየኪሳችሁ በያዛችሁት ስልክ ባትሪ ውስጥ ኮባልት አለ፤ በዓለም ላይ ከሚወጣው ኮባልት ከግማሽ የሚበልጠው ከዚያችው ከኮንጎ የሚወጣ ነው።

ቤልጅግ በ2002 ስለ ሉሙምባ ሞት ይቅርታ ጠየቀች። ሬሳውን ገዳዮቹ በአሲድ ስላጠፉት ከእሱ የቀረ አንድ ጥርስ ብቻ ነበር፤ እሱንም አንድ የቤልጅግ ፖሊስ ወስዶ ለብዙ ዓመት ደብቆ ይዞት ኖሯል። በጁን 2022 ጥርሱ ለልጆቹ ተሰጠና በኪንሻሳ በክብር ተቀበረ። ያን ወሬ ያነበብሁ ዕለት ነው ይህን ለመጻፍ ያሰብሁት።

በዚያን ቀን ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ ያ ልጅ ወዲያው አልወጣም ነበር። ደብተሩን ገልጦ መልሴን ሲጽፍ አየሁት፤ የጻፈውም አንድ ቃል እንደ ሆነ አውቃለሁ። ደብተሩ ዛሬ ድረስ ካለው፣ ከዚያ ቃል በታች ይህን ሁሉ እንዲጨምርበት እለምነዋለሁ።