ባትሪው ከተቀየረ በኋላ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ብልሽት ፍለጋ ታሪክ

በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት በዚህ የእጽዋት ማዕከል ስለ መኪና ባትሪ መናገር እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ሆኖም ብዙዎቻችን ወደዚህ የወጣነው በመኪና ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው የእንጦጦ ተዳፋት ብርድም የደከመ ባትሪን ያጋልጣል። ባለቤቱ አዲስ ገዝቶ ያስገባል። አዲሱ ገብቶም መኪናው እንቢ ሲል ብልሽቱ የት ነው? መልሱ እንደ መኪናው ዘመን ይለያያል፤ ለዚህም ነው ጥያቄውን የታሪክ ጥያቄ የምለው።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው አውቶሞቢል ሞተሩ በእጅ እየተዞረ የሚነሣ ነበር። ፕላንቴ የእርሳስና የአሲድ ባትሪን እ.ኤ.አ. በ1859 ቢሠራም፣ የባትሪ መሞት የመኪና መቆም የሆነው ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1912 የኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከገጠመ ወዲህ ነው።

የጋራዦቻችን ቋንቋ ቀሪውን ታሪክ በንብርብር ይዞታል። ሞተሪኖ፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ ተወረሱ፤ ሴንሰርና ስካነር ከእንግሊዝኛ መጡ። የታሪክ ተማሪ ወደ ቤተ መዛግብት ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ጋራዥ ቢውል አይከስርም።

በዲናሞ ዘመን ብልሽት በዓይንና በእጅ የሚገኝ ነበር። ሠራተኛው ሁለት ሽቦ ያሰረላትን አምፖል ይዞ ከባትሪው ይነሣና መስመሩን እየተከተለ መብራቷ በጠፋችበት ላይ ይቆማል። በከተማችን እጅግ የተለመደችው ፎልስዋገን እንኳ ለረጅም ጊዜ ባለ 6 ቮልት ነበረች፤ 12 ቮልት የገባላት እንደሆነ አምፖሎቿ ይቃጠላሉ።

አልተርኔተር ሲመጣ አደጋው ተሰወረ። ጋራዦቻችን ብዙ ጊዜ ዛሬም ዲናሞ ይሉታል፤ ውስጡ ግን ዳዮዶች አሉት፤ ባትሪ ሲገባ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ለቅጽበት ቢቀያየሩ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ አዲሱ ባትሪ በማግስቱ ባዶ ይሆናል፤ የሚወቀሰውም ሻጩ ነው። ከወቀሳ በፊት መለካት ይገባል። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልደረሰ መመርመር ያለበት አልተርኔተሩ ነው። ሁለቱም ደኅና ሆነው ሞተሪኖው እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ይለካ፤ ሞተሪኖው እየዞረ ከ0.5 ቮልት በላይ እዚያ ከጠፋ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ዝጓል። እኔ ሁልጊዜ ከዚህ እንዲጀመር እመክራለሁ፤ ባትሪ ሲቀየር እጅ የነካው እሱን ነውና።

ኮምፒውተር በያዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ብልሽቱ ከሽቦ ወደ ትውስታ ተሻገረ። ባትሪው ሲነቀል ኮምፒውተሩ ስለ ሞተሩ የተማረውን ይረሳል፤ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሬዲዮው የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ከተነዳ በኋላ በራሱ የሚስተካከለው ይህ ነገር ጥሩ ሴንሰር ተነቅሎ እንዲጣል ምክንያት ሆኗል። ስካነር ችግሩ የታየበትን መስመር እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም፤ የቮልቴጅ ማነስ ብቻውን ብዙ ኮዶችን ሊያስነሣ ይችላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅስ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ከሞተ፣ ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስም።