ዌብሳይታችሁን ሰርቨር ላይ ስትጭኑ ልታውቋቸው የሚገቡ 8 ነገሮች

ላፕቶፕ ላይ ፏ ብሎ ሲሠራ የነበረ ሳይት ሰርቨር ላይ ሲወጣ ገጹ ባዶ ይሆናል፣ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፍትም። ሳይቱን ለደንበኛ ሠርታችሁት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። የሰዎች ስልክ ቁጥርና ትዕዛዝ እዚያ ውስጥ አለ። ኡቡንቱ ባለው ቪፒኤስ ላይ ለምትሠሩ እነዚህን ነጥቦች አዘጋጅተናል፤ ሴቭ አድርጓቸው።

1. በሩት አትሥሩ
ሰርቨሩ እንደተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ቦቶች የይለፍ ቃል መገመት ይጀምራሉ። ሱዶ ፈቃድ ያለው ሌላ ተጠቃሚ ፍጠሩና በኤስኤስኤች ቁልፍ ግቡ። በይለፍ ቃል መግባትን ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ሌላ ተርሚናል ከፍታችሁ ቁልፉ መሥራቱን አረጋግጡ። አለበለዚያ በሩን ራሳችሁ ላይ ትዘጋላችሁ።

2. ፋየርዎል
ለአብዛኛው ሳይት 22፣ 80 እና 443 ፖርቶች ይበቃሉ። ዩኤፍደብሊውን ከማብራታችሁ በፊት 22ን ፍቀዱ። የማይኤስኪውኤል 3306 እና የፖስትግሬስ 5432 ለዓለም ክፍት መሆን የለባቸውም። ዶከር የምትጠቀሙ ደግሞ እንዳትሸወዱ፦ ዶከር የሚከፍተው ፖርት ዩኤፍደብሊውን አልፎ ይወጣል። ዳታቤዙን 127.0.0.1 ላይ ብቻ እሰሩት።

3. ሚስጥር ጊትሃብ ላይ አይወጣም
የዳታቤዝ ይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ የያዘውን የኢኤንቪ ፋይል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጊት እንዳይከታተለው አድርጉ። በስህተት ከወጣ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፤ በጊት ታሪክ ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው ቁልፉን ወዲያው መቀየር ነው። የክላውድ ቁልፍ ከሆነ ሌላ ሰው ይጠቀማል፣ ሒሳቡ ለእናንተ ይመጣል።

4. 777 መፍትሔ አይደለም
«ፈቃድ የለህም» ሲል 777 ሰጥቶ መገላገል የተለመደ ነው። ይህ ማለት ግን ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ፋይሉን መቀየር ይችላል ማለት ነው። ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644 ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ካልሠራ የፋይሉ ባለቤት ማን እንደሆነ እዩ።

5. ዲኤንኤስ እና ኤችቲቲፒኤስ
ሰርቨር የምትቀይሩ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ቲቲኤሉን ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ አድርጉ፤ ለውጡ ቶሎ ይደርሳል። ዶሜኑ ወደ አዲሱ ሰርቨር መዞሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ ሰርተፍኬት ጠይቁ። ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል፣ የተለመደው ሰርተፍኬቱ ግን ለ90 ቀን ነው የሚያገለግለው። ሰርትቦት ራሱ እንዲያድስ አድርጉና እድሳቱን በሙከራ ፈትሹት።

6. አማርኛው ???? ሲሆን
ዳታቤዙ፣ ግንኙነቱና ገጹ ሦስቱም ዩቲኤፍ8 መሆን አለባቸው። ማይኤስኪውኤል ላይ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ምረጡ። አሮጌው ዓይነት እስከ 3 ባይት ብቻ ይቀበላል፦ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ይገባል፣ 4 ባይት የሆነው ኢሞጂ ግን አይገባም። አንዴ ???? ሆኖ የተቀመጠ ጽሑፍ ደግሞ አይመለስም።

7. የሰርቨሩ ሰዓት
አብዛኛው ሰርቨር በዩቲሲ ይሠራል፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ክሮን ላይ 3:00 ብላችሁ የሞላችሁት ሥራ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 6:00፣ በእኛ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰዓትን ዳታቤዝ ውስጥ በዩቲሲ አስቀምጡ፣ ለተጠቃሚው ስታሳዩ ብቻ ቀይሩት።

8. ባክአፕ
እዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ባክአፕ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። 3-2-1 የሚባለውን ሕግ ያዙ፦ 3 ቅጂ፣ 2 የተለያየ ማስቀመጫ፣ 1 ሌላ ቦታ። ወደ ቦታው መልሳችሁ ያልሞከራችሁትን ባክአፕ እንዳለ አትቁጠሩት።

ሳይቱ ሲበላሽስ?
ኮድ ከመነካካታችሁ በፊት ሎግ አንብቡ። 502 ካያችሁ ኢንጂንኤክስ አለ፣ ከጀርባው ያለው አፕ ግን በትክክል አልመለሰም፤ ብዙ ጊዜ ቆሟል ማለት ነው። 500 ከሆነ ስህተቱ በአብዛኛው አፑ ውስጥ ነው። 403 ከሆነ የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ወደ ቁጥር 4 ተመለሱ።

ሳይት ሊያወጣ የተዘጋጀ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ አጋሩት።