ሦስት ሰኔ 23፤ ጠቅል ብርጌድ በኮንጎ

በልጅነቴ «ኮንጎ» የሚለውን ስም የማውቀው በጫማ ነበር። ጭቃም ድንጋይም የማይበግረው፣ ታላቅ አድርጎት ለታናሽ የሚተላለፈው የላስቲክ ጫማ «ኮንጎ» ይባል ነበር። ስለዚህም በሰፈራችን «አምሳ አለቃ ኮንጎ» የሚባሉት ሽማግሌ ሲያልፉ እኔና እኩዮቼ ዓይናችን ከእግራቸው ላይ አይነሳም። እርሳቸው ግን ሁልጊዜ የሚያደርጉት የተወለወለ የቆዳ ጫማ ነበር። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ነው። ከጠቅል ብርጌድ ጋር ወደ ኮንጎ ዘምተው ግዳጃቸውን ፈጽመው መመለሳቸው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተነገረና ወዲያው ወደ ልጆቻቸው ቁጥር ተታለፈ። የሰውን መጠሪያ እስከመለወጥ የደረሰ ዘመቻ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ማለፉ ከነከነኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ይኸው ነው።

ስለ ቃኘው ሻለቃና ስለ ኮሪያ ዘመቻ ከሞላ ጎደል ሁላችንም ሰምተናል። የኮንጎው ዘመቻ ግን በኮሪያው ጥላ ሥር የቀረ ነው። ሆኖም መንግሥታችን በችግር ላይ ለወደቀ አፍሪካዊ አገር ወታደር ልኮ፣ ከማንም ሳይወግን በመሐል ለመቆም የሞከረበት የመጀመሪያው ታላቅ ዘመቻ እርሱ ነው። ታሪኩን ለመከተል ሦስት ቀኖችን ማስታወስ ይበቃል፤ በአጋጣሚ ሦስቱም ሰኔ 23 ላይ ይውላሉ።

የመጀመሪያው ሰኔ 23፣ 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ በሚገኘው የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው፣ በፋሽስት ኢጣሊያ ስለተወረረችውና በመርዝ ጋዝ ስለተቃጠለችው አገራቸው አቤት አሉ። የአቤቱታው ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፤ አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ ካልደረሱለት ማኅበሩ የቆመበት ቃል ኪዳን ምን ፋይዳ አለው? የተሰጣቸው መልስ ግን ዝምታ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሣ፤ ማኅበሩም ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ። ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት «የጋራ ደኅንነት» የሚለውን ሐሳብ እንደ ሃይማኖት የያዘው ከዚህ የተነሣ ነው። ትንሽ አገር ራሷን ከጉልበተኛ የምታድንበት ሌላ መንገድ አልታየውም። እርዳታ ተነፍጎ የተቃጠለ መንግሥት፣ ሌላው እርዳታ ሲጠይቅ እንቢ ቢል የራሱን የጄኔቫ ክርክር በገዛ አፉ ማፍረሱ ነበር።

ሁለተኛው ሰኔ 23፣ 1952 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት ኮንጎ ከቤልጅግ አገዛዝ ነፃ ወጣች። ፓትሪስ ሉሙምባ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ጆሴፍ ካሳቩቡ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ቤልጅጎች ግን ያስረከቡት ሰው ያልተዘጋጀለትን ቤት ነበር። በዚያ ሰፊ አገር ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁት ኮንጎዎች ከ30 አይበልጡም። 25 ሺህ ያህል ወታደር በነበረው ጦር ውስጥ አንድም ኮንጎአዊ መኮንን አልነበረም። የጦሩ ቤልጅጋዊ አዛዥ ደግሞ ወታደሮቹን ሰብስቦ፣ ለእነርሱ ከነፃነት በኋላ ያለው ዘመን ከነፃነት በፊት ከነበረው እንደማይለይ በጥቁር ሰሌዳ ጽፎ አስረዳ። ነፃነት በወጣ በአምስተኛው ቀን፣ ሰኔ 28፣ ጦሩ አመፀ። አውሮፓውያኑ መሸሽ ጀመሩ። ቤልጅግ ዜጎቼን ላድን ብላ ያለ ኮንጎ መንግሥት ፈቃድ ጦሯን አስገባች። ሐምሌ 4 ቀን ደግሞ በመዳብ የበለጸገችው የካታንጋ ክፍለ አገር መሪ ሞይስ ቾምቤ መገንጠልን አወጀ። በማግሥቱ ካሳቩቡና ሉሙምባ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ድረሱልን አሉ።

ይህን አቤቱታ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የሰማ ሰው ጄኔቫን ሳያስታውስ አይቀርም። የጸጥታው ምክር ቤት ሐምሌ 7 ቀን ጦር እንዲላክ ወሰነ። ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐማርሾልድም ጦሩ በቅድሚያ ከአፍሪካ አገሮች እንዲውጣጣ ፈለጉ። ውሳኔው ከተላለፈ ገና ሳምንት ሳይሞላ ኮንጎ ከደረሱት 3,500 ወታደሮች ውስጥ 460ዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የቀሩት የጋና፣ የሞሮኮና የቱኒዚያ ናቸው። በኋላም የኢትዮጵያ ጦር ወደ ብርጌድ አደገ። ስሙም ከንጉሠ ነገሥቱ የፈረስ ስም ከአባ ጠቅል ተወስዶ «ጠቅል» ተባለ። ለኮሪያ ዘማቾች የራስ መኮንን የፈረስ ስም «ቃኘው» እንደተሰጠ ሁሉ ማለት ነው።

የጠቅል ወታደር የተመደበበት ስታንሊቪል ግን ከኮሪያ በፍጹም የተለየ ነበር። በኮሪያ ጠላት በግልጽ ይታወቃል፤ ከፊት ለፊት ነው። በኮንጎ ግን ጠላት የለም፤ ወይም ሁሉም ጠላት ሊሆን ይችላል። የጦሩ ሥልጣን ራስን ከመከላከል አያልፍም ነበር። ነሐሴ 21፣ 1952 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል የጭነት አውሮፕላን ስታንሊቪል ሲያርፍ፣ የቤልጅግ ፓራሹተኞች ይዞ መጥቷል የሚል ወሬ ተነዛና ሕዝብና ወታደር ተረባርቦ የአውሮፕላኑን ሠራተኞች ክፉኛ ደበደባቸው። ከሞት ያስጣሏቸው ኢትዮጵያውያን የሰላም ዘቦች ናቸው። ወሬ ሰው በሚያስገድልበት ከተማ ውስጥ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ወታደር ሳይተኩስ ሰው ሲያስጥል ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ግን መሐል መቆም ራሱ አንዳንድ ጊዜ ለአንዱ ወገን ያደላል። በነሐሴ መጨረሻ ካሳቩቡ ሉሙምባን ሻሩ፤ ሉሙምባም ካሳቩቡን ሻርኩ አሉ። በመስከረም 1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮሎኔል ሞቡቱ ሁለቱንም ገሸሽ አድርገው ሥልጣን ያዙ። ሉሙምባ በተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ጥበቃ ሥር ከነበረው ቤታቸው ወጥተው ደጋፊዎቻቸው ወዳሉበት ወደ ስታንሊቪል ሲያመሩ በመንገድ ተያዙ። በጥር 9 ቀን ለካታንጋ ተላልፈው እዚያው ተገደሉ። ድርጅቱን ለእርዳታ የጠራው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲገደል፣ የተጠራው ጦር በዚያው አገር ነበር። ይህን ነውር ማንም ሊሸፍነው አይችልም። ግብጽ፣ ሞሮኮ፣ ጊኒ፣ ማሊና ኢንዶኔዥያ ተቃውሟቸውን የገለጹት ወታደሮቻቸውን በማስወጣት ነው። ኢትዮጵያ ግን ቆየች።

መቆየቷ ትክክል ነበር? ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አሰላስዬዋለሁ። ጃንሆይ ከምዕራባውያን ጋር የነበራቸው ወዳጅነት በውሳኔው ውስጥ ድርሻ አልነበረውም ማለት የዋህነት ነው። ነገር ግን ሉሙምባ ከሞቱ በኋላ ጦሩ ሁሉ ቢወጣ የሚቀረው ቾምቤ፣ ቅጥረኛ ነጭ ወታደሮቹና የተበታተነች ኮንጎ ነበሩ። የጸጥታው ምክር ቤትም የካቲት 14 ቀን፣ የእርስ በርስ ጦርነትን ለመከላከል እንደ መጨረሻ አማራጭ ኃይል መጠቀም እንዲቻል ፈቀደ። ፈቃዱ ለሉሙምባ ዘገየ፤ ለኮንጎ አንድነት ግን ጨርሶ አልረፈደም።

ደግሞም ጦሩ ጠመንጃ ብቻ ይዞ አልነበረም የቆመው። የቤልጅግ ሐኪሞች ጥለው ሲሄዱ አገሪቱ አንድ እንኳ የራሷ ሐኪም አልነበራትም፤ ቀይ መስቀል ከልዩ ልዩ አገሮች ሐኪሞች አሰማራ። በደቡብ ካሳይ በጎሳ ግጭት የተፈናቀለው የባሉባ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ እህል የሚደርሰው በተባበሩት መንግሥታት ነበር። በካታንጋ ዋና ከተማ በኤልሳቤትቪልም በ1953 ዓ.ም. ማብቂያ ከ30 ሺህ በላይ የሆኑ ባሉባዎች የቾምቤን ጄንዳርሞች ፈርተው የሰላም አስከባሪው ካምፕ ጥግ ተጠለሉ። ጦሩ ቢወጣ የእነዚህ ሰዎች ዕጣ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

መስከረም 7 ለ8 አጥቢያ 1954 ዓ.ም. ሐማርሾልድ ከቾምቤ ጋር ለመነጋገር ሲበሩ አውሮፕላናቸው ንዶላ አጠገብ ተከስክሶ ሞቱ። የካታንጋ አንዲት ተዋጊ ጄት በዚያ ሰሞን የድርጅቱን ጦር ታሸብር ስለነበር ኢትዮጵያ ጄቶች እንድትልክ ተጠይቃ ነበር። ሆኖም በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ላይ ለማለፍ የሚያስፈልገው ፈቃድ ዘገየ፤ ዋና ጸሐፊውም ያለ አጃቢ፣ በጨለማ በረሩ። አራቱ የኢትዮጵያ ኤፍ 86 ጄቶች ኮንጎ የገቡት እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ግድም መላው የኮንጎ ጦር በአንድ ኢትዮጵያዊ እጅ ገባ፤ በኮሪያ የኢትዮጵያን ጦር የመሩት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ አዛዥ ሆኑ። ታኅሣሥ 15፣ 1955 ዓ.ም. የካታንጋ ጄንዳርሞች ኤልሳቤትቪል አካባቢ በድርጅቱ ጦር ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ መሣሪያ ያልያዘ ሄሊኮፕተርም ጣሉ። ለአራት ቀን ያህል ንግግርና ትዕግሥት ተሞከረ። ታኅሣሥ 19 ጦሩ ተነሣ፤ ጥር 13 ቀን የመጨረሻዋን የካታንጋ ምሽግ ኮልዌዚን ያዘ። የካታንጋ መገንጠል አበቃ። ከአራት ወር በኋላ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ ከኮንጎዋ ካታንጋ ያገኙት ትምህርት ገና ትኩስ ነበር።

እውነቱን ሁሉ ለመናገር ግን የድሉን ብቻ መተረክ አይበቃም። በኤልሳቤትቪል ውጊያዎች ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፤ ንብረት ወድሟል። የድርጅቱ ወታደሮች ተከሰዋል፤ ከተከሰሱት መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። በኋላ ድርጅቱ ለቤልጅጋውያን ተጎጂዎች 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ኮንጎአውያን ተጎጂዎችን ግን ያስታወሰ አልነበረም። ዘመቻውም በጠቅላላው 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጀ፤ ሶቪየት ኅብረትና ፈረንሳይ ድርሻችንን አንከፍልም በማለታቸው ድርጅቱ ሊከስር ደርሶ ነበር። በጠቅላላው 250 ያህል የሰላም ዘቦች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ሦስተኛው ሰኔ 23፣ 1956 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው የሰላም አስከባሪ ኮንጎን የለቀቀው በዚያን ዕለት ነው። ወር ከጥቂት ቀን ሳይሞላ፣ ኢትዮጵያውያኑ ይጠብቋት የነበረችው ስታንሊቪል በሲምባ አማፅያን እጅ ወደቀች። ኮንጎ አንድ ሆና ቀረች፤ ሰላሟ ግን አልሰነበተም። ወታደር መሐል ገብቶ ጥይት ማስቆም ይችላል፤ መንግሥትና ሕዝብ የሚተማመኑበትን ነገር ግን ከውጭ ጭኖ ሊያመጣላቸው አይችልም።

ይህን ለመረዳት ስታንሊቪል ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያች ከተማ ላሉ አውሮፓውያን ሕይወት ሲፈራ የሰላም ዘቦቹ ከጥበቃቸው ሥር አስገቧቸው። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ፤ ኢትዮጵያዊ ወታደር በኢትዮጵያዊ ወታደር ላይ ተኮሰ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በእጃቸው የነበሩት ታላላቅ ሰዎች በጥይት ተፈጁ። ለኮንጎ የላክነው ትዕግሥት ለራሳችን አልተረፈንም።

ጄኔራል ከበደ ገብሬስ? የብዙ አገሮችን ጦር የመሩት፣ ተኩስ በተከፈተበት ጊዜ እንኳ ንግግር ይቅደም ሲባል የታገሡት ሰው ኅዳር 14፣ 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከገደላቸው ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። ኮንጎ ውስጥ ለማያውቀው ሰው ሕይወት ዘብ ይቆም የነበረ ጦር አዛዥ፣ በገዛ አገሩ ዳኛ ፊት የመቆም ዕድል እንኳ ሳያገኝ ተረሸነ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አስከባሪዎቻችን በርዋንዳ፣ በቡሩንዲ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉር ቆመዋል። በ2003 ዓ.ም. ሁለቱ ሱዳኖች በሚወዛገቡባት በአብዬ የተሰማራው ጦር ከሞላ ጎደል በሙሉ የእኛ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ኢትዮጵያን አምነው ተቀበሉ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን ጦርነት ሲፈነዳና ከሱዳን ጋር በድንበር ስንቃቃር ግን ያ እምነት ተሸረሸረ። ሱዳን የኢትዮጵያ ጦር ከአብዬ እንዲወጣ ጠየቀች፤ ቀስ በቀስም በሌሎች አገሮች ጦር ተተካ። የገላጋይነት ስንቅ ወታደርና ጠመንጃ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። የቤት ሰላም የሌለው ሰው በጎረቤቱ ጠብ መሐል ሲገባ፣ እጁን እንጂ ቃሉን የሚያምን የለም።

ይህን የምለው የጠቅልን ወታደሮች ድካም ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። እነርሱ በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ሕዝብ መሐል፣ ቃታ ከመሳብ በፊት መታገሥን ተምረው ነበር። ያን ትምህርት ይዘው ሲመለሱ የጠየቃቸው የለም፤ ሽልማት ደረታቸው ላይ ተለጠፈ፤ ከዚያ ወደየሰፈራቸው ሄዱ። አምሳ አለቃ ኮንጎም በየማለዳው ጫማቸውን ወልውለው በደጃችን ያልፉ ነበር። እኛ ልጆቹ ዓይናችን ከእግራቸው ላይ ነበር፤ ቀና ብለን ያዩትን ብንጠይቃቸው ኖሮ ምን ይነግሩን እንደነበር ዛሬም አስባለሁ።