ቀጣሪ የተከለከለው ጥያቄ

«ምን በሽታ አለብዎት? የአእምሮ ሕክምና ወስደው ያውቃሉ?» በአሜሪካ የሥራ ማመልከቻ ቅጾች ለረጅም ዘመን እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ያለ ከልካይ ይዘው ኖረዋል። እውነቱን የጻፈ አመልካች ችሎታው ሳይታይ ይሰናበት ነበር፤ ለምን እንደተጣለም የሚነግረው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የመልሶ ማቋቋም ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት አካል ጉዳተኞችን እንዳያገሉ ከለከለ። ማስፈጸሚያ ደንቡ ሲጓተት በ1977 የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ ጁዲ ሂውማንና ጓደኞቿ በሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው የፌዴራል ሕንፃ ገብተው አንወጣም ብለው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆዩ። ደንቡ ተፈረመ።

ትልቁ ለውጥ በ1990 መጣ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ የፈረሙት የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ቀጣሪ «ቀጥረንዎታል» ከማለቱ በፊት ስለ ጉዳት እንዳይጠይቅ አገደ። «ይህን ሥራ መሥራት ይችላሉ?» ማለት ይፈቀዳል፤ «ኦቲዝም አለብዎት?» ማለት አይፈቀድም። ሕጉን ለማስፈጸም በ2011 የወጣው ደንብም ኦቲዝምን በስም ጠቀሰ።

ጥያቄው ቢታገድም ቃለ መጠይቁ ራሱ ዐይን ለዐይን መተያየትንና ቅልጥፍ ያለ ንግግርን መለካቱን አልተወም። ይህ ኦቲዝም ላለባቸው አመልካቾች ከባድ በደል ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 በጀመረው የቅጥር መርሐ ግብር ግን ኦቲዝም ያለባቸው አመልካቾች ለቀናት በተግባር እየሠሩ ችሎታቸውን ያሳያሉ።